ከ«ጣል» በላይ የተጻፈች መስመር

ሪዮኒ ደፍርሶ፣ ኩታይሲ ዘንቦባት፣
ቫርላም ደወለልኝ በጠዋት፣ በሁለት ሰዓት።
«ነይና ክፈይልን ቤቱን ለሁለት» አለ።
እኔ ግንበኛ ነኝ ወይ? ቦርሳዬ ውስጥ ያለ
ያረጀ ላፕቶፕ ነው፣ ሽቦና መቆንጠጫ፤
ሄድኩ። ለካ ፕሪንተር ነው የጠባቸው መውጫ።

ቤሳሪዮን ፎቅ ላይ እንግዳ ያሳድራል፣
ታናሽየው ቫርላም ምድር ቤት ወይን ይነግዳል።
አንዱ ተራራ ወጪ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
ካርታ ላትም ብሎ፣ ስልኩ ላይ ማሽን ሲያይ፣
የቫርላምን አገኘ፤ ስልሳ ገጽ ላከበት።
ጠዋት ክፍሉን ሲከፍት፣ የካውካሰስ በረዶ የወረደበት፣
ወንበሩ፣ ደረሰኙ፣ ወለሉ ወረቀት ለብሶ፤
«ወንድሜ ነው የላከው፣ አውቆ፣ ደግሶ!»
ከዚያ ወዲያ ዝምታ። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ጫማ፣
ሲተላለፉ እንኳ «ደህና አደርክ?» የማይሰማ።

ሳጥኗ ትንሽ ናት፤ አራት ቀዳዳ አላት፤
አንዱ ወደ ዓለም ነው፣ ሦስቱ ወደ ቤት።
ሊኑክስ ደግሞ የዋህ፣ «አሻግር» ካሉት አንዴ
ያሻግራል፤ «የማን ነህ? ከየት ነህ፣ ዘመዴ?»
ብሎ አይጠይቅም።
እኔ ለየኋቸው፤
ለየገመዳቸው የየራስ ቁጥር ሰጠኋቸው፤
አንደኛው የቫርላም፣ ሁለተኛው የታላቁ፣
ሦስተኛው የእናትየው፣ የናዚብሮላ። ክንዷ ላይ አምባር አለ፣
ተጭናው የምትጠራበት፣ ብትወድቅ ልጆቿ እንዲያውቁ።
ከዚያ በሰንሰለቱ ጫፍ ጻፍኩ አንድ ቃል፦
ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደውን ሁሉ፣ ጣል።

«እምቢ» ማለት ሌላ ነው። «እምቢ» ያለ ይመልሳል፤
አንኳኪው ሰምቶት፣ አዝኖ፣ ይመለሳል።
«ጣል» ግን ዝም ነው። የላከው ይጠብቃል፣
ደግሞ ይልካል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይልካል፤
አለመሰማቱን የሚነግረው የለም።
ወንድማማቾቹን አየኋቸው፤ ለእነሱ አዲስ አይደለም።

ከፎቅ ወደ ምድር ሞከርኩ፤ ጭጭ። «ሠራ» አልኩ።
እውነቱን ለመናገር፣ በሥራዬ ኮራሁ።
ግማሽ ግማሽ አድርገው ከፈሉኝ ያለ ንግግር፣
በሁለት ፖስታ፣ በሁለት በር።

በሳምንቱ መጥቼ መዝገቡን ስከፍት፣
አንድ ሌሊት አየሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት።
ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው፦ ወደቀ።
ከሦስተኛው ወደ አንደኛው፦ ወደቀ።
ደግሞ። ደግሞ። ሰባት ጊዜ ወደቀ።
እጄ ከቁልፎቹ ላይ ራቀ፤
እሽጉ ብቻ አይደለማ የወደቀ።

ወይን ጫኙ መኪና ጎህ ሲቀድ እስኪደርስ
ወለሉ ላይ ነበረች፣ ጀርባዋን ለአልጋው እግር አስደግፋ፣
በቀሚሷ ጠርዝ ጉልበቷን ስታለብስ።
ልጆቿ አንዱ ከበላይዋ፣ አንዱ ከጎኗ ተኝተው።
«ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ተውኳቸው» አለችኝ።
ደወሉን የዋጥኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት።
ቆጣች ወይ? አልተቆጣችም። አምባሯን ወደ ክርኗ ገፋችውና፣
«ልጆች ሳሉ ሲደባደቡ እኔም ለይቻቸዋለሁ» አለች።
«ግን ስለያቸው መሃል የምተኛው እኔ ነበርኩ።»

ሰንሰለት ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበብ፤
የቀደመ ይገዛል፤ የኋላው ቢነገር ማን ሊሰማው፣ ማን ሊያስብ?
ስለዚህ ከ«ጣል» በላይ፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣
ሁለት መስመር አስገባሁ፣ ሌላ ሰው ሳያይ፦
ከአምባሩ የወጣ ወደ ሁለቱም ይለፍ።
ለተጠራበት የሚመልስ፣ መልሱም ይለፍ።
ፕሪንተሩን አልነካሁም። እዚያው ይቆይ ተዘግቶ።

አንድ ማታ ገመድ ልቀይር ሄጄ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ አየሁ፦
ሦስት ሰዓት ላይ ተጫነችው። ሕመም የላትም፤ ልብሷን ለብሳ፣ ተቀምጣ ነው።
አንዱ ከደረጃው ወረደ፣ አንዱ ከመጋዘኑ መጣ፣
አልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ። ቫርላም ማሰሮውን አነሣ፣
ቤሳሪዮን ብርጭቆውን ያዘ።
ቃል አልወጣቸውም። ያ ከእኔ ሙያ ውጭ ነው።

የመስመሯ ቆጣሪ በየማታው አንድ ትጨምራለች።
ትናንት ሃያ ሦስት ነበረች።
ዛሬ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ሃያ አራት።